ንግዱ በእምነት፣ ክርክሩ በወረቀት

ጋሼ ይዘውት የመጡትን ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። የባንክ ገቢ ወረቀቶች፣ ጠርዙ የተላላጠ የዱቤ ደብተር፣ የጭነት መኪና ታርጋና የፌሮ ብዛት የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች፣ በመጨረሻም በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ቼክ ወጣ። ጠበቃዋ ቼኩን ለብቻው አስቀምጣ ሌላውን በየቀኑ መደርደር ጀመረች።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሰውየው ራሱ አይክድም እኮ» አሉ ጋሼ። «ለልጁ ሚስት ሲጠየቅ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«አለመካዱን ዳኛው ፊት ከተናገረ ሥራችን አለቀ፣ ጋሼ። ካልተናገረስ? እኔ መዘጋጀት ያለብኝ ለዚያ ቀን ነው።»

ጋሼ መርካቶ ውስጥ የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ለሁለት ዓመት ያህል ፌሮ በዱቤ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ቀሪው ዕዳ 4.2 ሚሊዮን ብር ደርሷል። በዚህ መሐል ተቋራጩ የሠራተኛ ደመወዝ ሲጎድልበት 600 ሺህ ብር አበድረውታል። ውል የለም። የስልክ ንግግር፣ መጨባበጥ፣ አንዳንዴም የቴሌግራም መልእክት ነበር። ቼኩ ላይ 3 ሚሊዮን ብር ተጽፎ ተፈርሟል፤ ቀኑ ግን ባዶ ነው። ተቋራጩ ቼኩን የሰጣቸው «ለዋስትና ያዙት» ብሎ ነው።

ጠበቃዋ ስሟን እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች፤ ስሟ ከታወቀ የባለጉዳዮቿም ማንነት መታወቁ አይቀርም። ጋሼ ታሪካቸው እንዲነገር ፈቅደዋል። የሁለቱን ጉዳይ የመረጥኩት ልዩ ስለሆነ አይደለም። በልደታ አካባቢ ባሉ የጠበቃ ቢሮዎች ይህን የመሰለ ፌስታል በየሳምንቱ ይገለበጣል። ንግዳችን ዛሬም የሚሮጠው በመተዋወቅና በቃል ነው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ የሚያየው ሰነድ ነው። የንግድ ክርክር ጠበቃ የሥራ ዕድሜዋን የምታሳልፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆማ ነው።

ጠበቃዋ መጀመሪያ ያደረገችው የጋሼን ዕዳ ለሁለት መክፈል ነበር። ለእሳቸው 4.8 ሚሊዮኑ ብር አንድ ገንዘብ ነው፤ ከአንድ ኪስ ወጥቶ አንድ ሰው ዘንድ ቀርቷል። ለሕጉ ግን 4.2 ሚሊዮኑ የሽያጭ ዋጋ ሲሆን 600 ሺሁ ብድር ነው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ደንብ የለም። ስለዚህ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የግንባታው ዘበኛ ሳይቀሩ ምስክር ሆነው ፌሮው ስለመድረሱ ሊናገሩ ይችላሉ። ብድር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ እንዳይረጋገጥ ይከለክላል። ጋሼ ከ600 ሺሁ በእጅ የሰጡትን ሲቆጥሩ ሦስት ሰዎች አጠገባቸው ቆመው አይተዋል። የሦስቱም ምስክርነት ለዚህ ጥያቄ አይጠቅምም።

500 ብር! ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ይህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በእጁ የማይዘው ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሁለት ሰው ምሳ ይሆናል። ቁጥሩ ግን አልተነካም፤ በየዓመቱም በእምነት ያበደሩ ሰዎችን ከችሎት ባዶ እጃቸውን ይመልሳል። የደንቡ ዓላማ ተገቢ ነው፤ የሐሰት ምስክር አቁሞ ዕዳ መፍጠርን ይከላከላል። የገንዘቡ መጠን ግን ከዘመኑ ጋር ሊስተካከል ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጠበቃዋ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋችም። የባንክ ወረቀቶቹን አገላብጣ ከ600 ሺሁ ውስጥ 350 ሺሁ ከጋሼ ሒሳብ ወደ ተቋራጩ ሒሳብ መተላለፉን አገኘች። የባንክ ዝውውር ብቻውን ብድር መኖሩን አያረጋግጥም፤ ተከሳሹ «ዕዳውን ነው የመለሰልኝ» ማለት ይችላል። ቴሌግራሙ ላይ ግን ተቋራጩ ራሱ «ያበደሩኝን ከክፍያ ሰርተፊኬቱ እሰጥዎታለሁ» ብሎ ጽፏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ፣ ቁጥር 1205/2012፣ የኤሌክትሮኒክ መልእክት በዓይነቱ ብቻ ዋጋ እንዳይነፈገው ያደርጋል። ሌላው ወገን «ስልኬ ተጠልፎ ነው» ቢል ምን ትመልሳለች? መልሱን ከአሁኑ ማሰብ ነበረባትና ጋሼን ስልካቸውን እንዳይቀይሩ፣ መልእክቱንም እንዳያጠፉ አስጠነቀቀቻቸው።

ቀጥሎ ቼኩ ተነሳ። የነጋዴው ዓለም ቼክን እንደ መያዣ ይቆጥረዋል። «ቼክ ይዤበታለሁ» ማለት ሰውየውን ይዤዋለሁ እንደማለት ነው። በሕጉ ቼክ የመክፈያ ሰነድ ነው፤ ባንክ እንደቀረበ የሚከፈል ነው። «ለዋስትና» ብሎ መስጠት ይህን ባሕርይውን አይለውጠውም። ቼኩ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስቀጣል። ነጋዴው ቼክን የሚወደው በዚህ የእስር ፍርሃት ምክንያት ነው። ጠበቃዋ ስለዚህ ልማድ ስትናገር ድምጿ ይለወጣል። ወንጀልን እንደ ዕዳ ማስከፈያ መጠቀም ሁለቱንም ወገን ይጎዳል ትላለች፤ የታሰረ ተቋራጭ ሠርቶ አይከፍልም፣ የቆመ ግንባታም ገንዘብ አያመጣም።

በፍትሐ ብሔር በኩል ግን ቼክ ሌላ ጥቅም አለው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል። ተከሳሹ እንደማንኛውም ክስ መልስ ሰጥቶ መከራከር መብቱ አይደለም፤ መጀመሪያ እንዲከላከል እንዲፈቀድለት በቃለ መሐላ ተደግፎ መጠየቅ አለበት። በቂ ምክንያት ካላቀረበ ፍርዱ ይሰጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «በሉ ዛሬውኑ ቀኑን እንጻፍበትና ባንክ እንውሰደው!»

«ቆይ፣ ጋሼ። ቀኑን ማን እንደሚጽፍ፣ በምን ፈቃድ እንደሚጽፍ ሳንነጋገር እስክሪብቶ አንነካም።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። «ደረሰኝ ቆርጠዋል?»

ጋሼ ወደ መስኮቱ አዩ። ለግማሹ ቆርጠዋል፤ ለግማሹ አልቆረጡም።

የንግድ ክርክር ጠበቃ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የምትችለው የባለጉዳዩን ምሥጢር እንድትጠብቅ ሕግ ስለሚያስገድዳት ነው። ያለ ደረሰኝ የተሸጠን ዕቃ ዋጋ የሚጠይቅ ክስ፣ ክስ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴው ስለራሱ የሰጠው ቃልም ነው። ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ከታክስ መዝገቡ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሌላው ወገን ዝም አይልም። አንዳንድ ነጋዴ እዚህ ላይ ሲደርስ ገንዘቡን ትቶ ይሄዳል። ጠበቃዋ ለጋሼ የሰጠቻቸው ምክር ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ ሒሳብ ሠራተኛ ጋ ሄደው ያልተገለጸውን ሽያጭ አስታውቀው ግብሩን ያስተካክሉ፤ ክሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ገንዘብ ያስወጣል፣ ያማል፣ ግን ሌላ መንገድ አላሳየቻቸውም።

በዚህ ሙያ ላይ የቆየ አንድ ሥዕል አለን። ጠበቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው፤ ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ በላ ልበልሃ እያለ የሚሞግት። ያ ሙግት እውነተኛ ጥበብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በተጠየቅ ይፋጠጣሉ፣ በፈረስና በማር ይወራረዳሉ፣ ሕዝቡም ከብቦ ይፈርዳል። የነጋዴው ሙግት ግን ከጥንቱም በከፊል በሌላ በር ይገባ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ስምምነት የውጭ ዜጎች ጉዳይ በቆንስሎቻቸው፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲሆን ደግሞ ቆንስሉ በሚገኝበት ችሎት እንዲታይ በር ከፈተ። የአዲስ አበባን አስመጪና ላኪ ንግድ በእጃቸው የያዙት ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ፈረንሳዮች በነበሩበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የከተማዋ ትልልቅ የንግድ ክርክሮች በአመዛኙ ከአገሬው ዳኝነት ውጭ ቀርተዋል።

በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንድ ዓመት ወጡ። የንግድ ሕጉን ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሥራውን ሳይጨርሱ ስላረፉ ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ አጠናቀቁት። የፍትሐ ብሔሩ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተና ሕጉን በመደበኛ ትምህርት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጠበቆች መውጣት ጀመሩ። ብዙም አልቆዩ። በ1967 ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ የአክሲዮን ማኅበር ሕግ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ቀረ። ሳይሻር ለ17 ዓመት ያህል ሥራ ፈታ። አንድ ትውልድ ጠበቃ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ እንዴት እንደሚጠራ ሳያይ አረጀ። ከ1983 በኋላ ገበያው ሲከፈት፣ በ1986ም የግል ባንክ ሲፈቀድ፣ ሙያው ካቆመበት መቀጠል ሳይሆን ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

የእኛዋ ጠበቃ ወደ ሙያው የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሕግ ትምህርት ቤት እንደወጣች የተቀጠረችው ባንክ ውስጥ ነው፤ ነገረ ፈጅ ሆና። ብዙ የንግድ ጠበቆች በዚህ ወይም በዳኝነትና በዓቃቤ ሕግነት በር ነው የሚመጡት። ባንኩ ያስተማራት ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የምትጽፈው እሷ ነበረች። የአንድ ቤተሰብ ቤት በአንድ ገጽ ደብዳቤ እንዴት እንደሚሄድ ያየችው ያኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ የብድር ውል ሊፈርም የመጣ ባለጉዳይ ሲያጋጥማት የመያዣውን አንቀጽ ድምፅ አውጥታ ታነብለታለች፤ ቢቸኩልም ታስቀምጠዋለች።

የጥብቅና ፈቃድ ያገኘችው የሥራ ልምድ አስቆጥራ፣ ፈተና ተቀምጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእግር ዓመታት ናቸው። መዝገብ ቤት ሄዶ ግልባጭ መጠየቅ፣ የዳኝነት ክፍያ መክፈል፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ደርሷል የሚል ቃለ መሐላ ማያያዝ። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎችም የዚህ ዓለም ሰዎች ናቸው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ባለጉዳይ ማመልከቻውን የሚያጽፈው እነሱ ጋ ነው። አንዳንዶቹ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ከአዲስ ተመራቂ በላይ ያውቁታል። ጠበቃዋ ወጣት ሳለች ማመልከቻዋ ከሬጅስትራር በተደጋጋሚ ሲመለስባት ጉድለቱን ያሳዩአት አንድ ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ዛሬም በአክብሮት ታነሳቸዋለች።

ሥራው በዋናነት ጽሑፍ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ይህ አይገለጽም። ክስ በጽሑፍ ይቀርባል፤ መልስ በጽሑፍ ይሰጣል፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በጽሑፍ ይነሳል። ችሎት ላይ የሚነገረው በአብዛኛው የተጻፈውን የሚያብራራ ነው። ዳኛው ግራ ቀኙን ሰምቶ ጭብጥ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ በሙሉ የሚዞረው በዚያ ጭብጥ ዙሪያ ነው። ጭብጡ «ዕዳው አለ ወይስ የለም?» ቢሆን ማስረዳት ያለባቸው ጋሼ ናቸው። «ዕዳው ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ተቋራጩ ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ የአንድ ግሥ ቢመስልም የጉዳዩ ግማሽ ክብደት ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ጠበቃዋ ክሱን የጻፈችው ተከሳሹ «ከፍያለሁ» ብሎ እንዲመልስ በሚገፋፋ መንገድ ነበር። የፌሮው ርክክብ፣ ቀን፣ ታርጋ፣ መጠን እያንዳንዱ ተዘርዝሯል፤ ሁሉንም በጅምላ መካድ ለሰውየው የማያስኬድ እንዲሆን።

ረቂቁን አሳይታኛለች። አንድም ቅጽል የለበትም። «ጨካኙ ተከሳሽ»፣ «በግፍ»፣ «በማንአለብኝነት» የሚሉ ቃላት፣ በየማመልከቻው የምናያቸው፣ እዚህ የሉም። ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳነብ የአማርኛ ጥሩ ስድ ንባብ ዛሬ የት እንደሚገኝ ለሚጠይቅ ሰው ባሳየው ብዬ ተመኘሁ።

ጉዳዩ የቀረበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1234፣ የዚህን ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ሥልጣን ከ500 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን ብር አሳድጎታል። ያው አዋጅ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አስገብቷል። ያ ዓመት ለሙያው የተለየ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ የንግድ ሕግ፣ አዲስ የግልግል ዳኝነት አዋጅ፣ አዲስ የጥብቅና አዋጅም ወጡ። አዲሱ የንግድ ሕግ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቀደ፤ የድሮውን ሕግ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ማጓጓዝ፣ ስለ ቼክና ባንክ የሚደነግጉ ክፍሎች ግን ሳይነካ ተዋቸው። የጋሼ ቼክ ዛሬም የሚዳኘው በ1952ቱ ሕግ ነው።

ጠበቃዋ ከክሱ ጋር አብራ ያቀረበችው ሌላ ማመልከቻ ነበር፦ የተቋራጩ ኤክስካቫተርና ሁለት ገልባጭ መኪኖች ከፍርድ በፊት እንዲከበሩ። የንግድ ክርክር የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ባለዕዳው ንብረቱን በወንድሙ ስም ካዞረ፣ የፍርድ ባለመብቱ የሚቀረው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ባንክ በቅድሚያ በመያዣ የያዘው ሕንፃ ላይም እንደ ጋሼ ያለ ባለገንዘብ የሚደርሰው ከባንኩ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላት ጠበቃ ክስ ከመጻፏ በፊት ሰውየው ምን አለው፣ በማን ስም አለው፣ ምን ዕዳ ተሸክሟል ብላ ታጠናለች። የማይከፍል ሰው ላይ የተገኘ ድል ባለጉዳዩን ለሁለተኛ ጊዜ ያከስራል።

መዘግየት ለባለዕዳ ለምን እንደሚጥም የሚያሳይ ሌላ ቁጥር በሕጉ ውስጥ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 መሠረት የወለዱ መጠን በውል ካልተወሰነ በዓመት 9 በመቶ ነው። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ዓመታት 4 ሚሊዮን ብር የያዘ ባለዕዳ ፍርዱ ሁለት ዓመት ቢዘገይለት የሚከፍለው ገንዘብ የመግዛት አቅሙን አጥቶ ነው። ከባንክ ቢበደር የሚከፍለው ወለድ ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ መጥሪያ አልደረሰኝም ማለት፣ መቃወሚያ መደርደር፣ ተለዋጭ ቀጠሮ መጠየቅ፣ ይግባኝ ማለት፣ ሰበር መሄድ ሁሉ በርካሽ የተገኘ ብድር ይሆናል። ይህ ያስቆጣኛል። ሐቀኛው ነጋዴ የዘገየውን ሰው ወጪ እየሸፈነ ነው፤ የሕጉም ዝምታ ከማን ጋር እንደሚያብር ግልጽ ነው። ጠበቃዋ ይህን ለመመከት የምትችለው ውል ሲጻፍ ተገኝታ የወለዱን መጠን ማስገባት ብቻ ነው። ጋሼ ግን ውል አልነበራቸውም።

ሰበርን ካነሳሁ፣ የዚህ ሙያ ንባብ ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ከሃያ በላይ ሆነዋል፤ በቢሮዋ መደርደሪያ ላይ የሁሉም ጀርባ ነጥቷል። አንድ የሰበር ውሳኔ የስንቱን ኑሮ እንደሚነካ ለማየት የመዝገብ ቁጥር 21448ን ማስታወስ ይበቃል። ችሎቱ የቤት ሽያጭ ውል ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም ሲል፣ በየሰፈሩ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት ቤት የገዛ ሁሉ መሬቱ ከሥሩ የተናጋበት መሰለው። ወደ ጠበቃ ቢሮ የጎረፈውን ሰው እሷ ታስታውሳለች። ያለቀሱ ነበሩ።

ከሁሉም በላይ የሚከብዳት የትኛው ጉዳይ እንደሆነ ጠይቄአት ነበር። ባንክ ወይም የውጭ ኩባንያ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ የወንድማማቾች ማኅበር አለችኝ። አባት ሱቅ ትቶ ይሞታል፤ ልጆቹ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ታላቅየው ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። ለዓመታት ትርፍ አይከፋፈልም፣ ሒሳብ አይመረመርም፣ ቃለ ጉባኤው ሰነዶች ማረጋገጫ ሊወሰድ ሲል ብቻ ይፈረማል። አንድ ቀን ታናሽየው ይጠይቃል። ታላቅየው «አሳድጌህ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሒሳብ አጣሪ የሚያጣራው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ጠበቃዋ ክስ ከመመሥረቷ በፊት እናትየው በሕይወት መኖራቸውን ትጠይቃለች። ካሉ ቤት ድረስ ትሄዳለች። ሽምግልናው ከሠመረ ስምምነቱን ራሷ ትጽፈዋለች፤ ካልሠመረም ሒሳቡ በገለልተኛ ኦዲተር እንዲመረመር በማስወሰን ትጀምራለች፤ ቁጥሩ ሲታወቅ ስድቡ ይቀንሳልና።

ከዋሽንግተንና ከዱባይ የሚመጡ ጉዳዮችም የዚሁ ዘመድ ናቸው። ሰው ለዓመታት ሠርቶ ያጠራቀመውን ይልካል፤ አክሲዮኑ ወይም መሬቱ በእህት ወይም በአጎት ስም ይገዛል። በኤምባሲ በኩል የመጣው ውክልና መሸጥን ይጨምር አይጨምር ማንም ልብ አላለም። ገንዘቡን ማን እንደላከ የባንክ ወረቀት ይናገራል፤ ለምን እንደላከ ግን የተጻፈ የለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ የቢሮዋ ስልክ ሌላ ዓይነት ባለጉዳይ ያመጣ ጀመር። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትራንስፎርመር፣ ሊፍት፣ ማሽነሪ ለማቅረብ በድሮው ዋጋ በብር የተዋዋለ አስመጪ ውሉን እንዴት ይፈጽም? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ፊቱን አጥቁሮ ይመልሳል፦ አፈጻጸሙ ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውል አይለወጥም። ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለው መከላከያም ቢሆን ነገሩ የማይቻል ሲሆን እንጂ ውድ ሲሆን አይሠራም፤ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ብቻውን እንደማይበቃ ሕጉ ለይቶ ተናግሯል። ጠበቃዋ ለብዙዎቹ የነገረቻቸው የማይወዱትን ነው፤ ከገዢው ጋር ተቀመጡ፣ ልዩነቱን ተካፈሉ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን አያደርግላችሁም። ዋጋው ከምንዛሪ ጋር አብሮ የሚስተካከልበት አንቀጽ በውላቸው ውስጥ የነበረ ጥቂቶች ግን ምንም ክርክር አልገጠማቸውም። ያን አንቀጽ በ2014 ለአንዱ ስታስገባለት «ወረቀት ለማብዛት ነው» ብሎ ተቆጥቷት እንደነበር ነገረችኝ።

የጋሼ ጉዳይ ክርክሩ ሳይሰማ ወደ አስማሚ ተመራ። ተቋራጩ ንብረቱ በመታገዱ ሥራው ሊቆም ነበር፤ ለመምጣት ሌላ ማባበያ አላስፈለገውም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለቱ ሰዎች አልተያዩም። በሁለተኛው ተቋራጩ ተነስቶ «ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ» ሲል ጋሼ ወዲያው ሊያቅፉት ተነሱ። ጠበቃዋ ክንዳቸውን ያዝ አደረገቻቸው። «እቅፉ ይደረጋል፣ ጋሼ። ከፊርማው በኋላ።»

ስምምነቱን የጻፈችው እሷ ነበረች። ዕዳው 4.5 ሚሊዮን ብር ሆኖ ተወሰነ። በደረሰኝ ያልተደገፈው ሽያጭ ግብሩ ተከፍሎበት ገብቷል፤ ከብድሩ ውስጥ በእጅ የተሰጠውን 250 ሺህ ብር ተቋራጩ አላመነም፣ ጋሼም ተውት። በተጨማሪም 50 ሺህ ብር ከፌሮው ዋጋ ተቀነሰለት። ክፍያው በስድስት ጊዜ ይጠናቀቃል። ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ተመልሶ በሁለቱ ፊት ተቀደደ፤ በምትኩ ኤክስካቫተሩ በ2011 በወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት በዋስትና መዝገብ ላይ በጋሼ ስም ሰፈረ። ሁለቱ ገልባጮች ሠርተው እንዲያስገቡ ከእግድ ተለቀቁ። አንድ ክፍያ ከ15 ቀን በላይ ቢዘገይ ቀሪው በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል፤ ወለዱም በቁጥር ተጽፏል። ስምምነቱ በችሎቱ ጸድቆ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ ተቋራጩ ቢያጓድል ጋሼ የሚሄዱት አዲስ ክስ ይዘው ሳይሆን በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ችሎት ነው። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሲዘጋጅ ሁለት ክፍያዎች በጊዜያቸው ገብተዋል።